ኔዴልያ ያላጎደለችው ኮታ

ዶብሪንካ የምርጫ ዘመቻ በሚባል ነገር ውስጥ እጇን ያስገባችው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አበልጇን ኔዴልያን ለምክር ቤት ለማስመረጥ። ያን ሐምሌ ከልብስ ስፌት ፋብሪካዋ ስትወጣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ የኔዴልያ ፎቶ ያለበትን ወረቀት ታቅፋ በየደጃፉ ትዞር ነበር። ከስትሩማ ወንዝ ማዶ ያሉት መንደሮች እንኳ አልቀሯትም። በር ለከፈተላት ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነው። «ጠበቃ መረጣችሁ፣ ነጋዴ መረጣችሁ፣ ዶክተር መረጣችሁ። ምን አገኛችሁ? አሁን ደግሞ ስትሰፋ ኖራ ወገቧ የተቆረጠ ሴት ምረጡ። እሷ ችግራችንን ኖራዋለች፤ ማንም ሊያስረዳት አይለፋም።»

ባሏ ሜቶዲ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራውን እያጨሰ ይጠብቃታል። ሊያናድዳት ሲፈልግ ነገር መጀመር ይችልበታል።

«እኔ ድምፄን የምሰጠው ለጥርስ ሐኪሙ ነው» ይላታል።

«ለፓስካሌቭ? ለዚያ እጀ ለስላሳ? ምን አድርጎልህ?»

«ሳያመኝ ነቅሎልኛል። መንግሥት እስከ ዛሬ ሳያመኝ የነቀለልኝ ነገር የለም።»

ዶክተር ፓስካሌቭ በሌላው ፓርቲ በኩል የሚወዳደር የከተማዋ የጥርስ ሐኪም ነው። አንድ ቀን ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ የሚወጡትን ሴቶች እየጨበጠ ሳለ ዶብሪንካ ጋ ሲደርስ እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች። «ይቅርብዎ ዶክተር፣ የኛ እጅ እንዳይቧጭርዎ» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። ዶብሪንካ ለሳምንት ያህል ይህን እያወራች ስትስቅ ከረመች።

ዘመቻው ለኔዴልያ ይምሰል እንጂ፣ ለዶብሪንካ ነገሩ የራሷ እጅ ጉዳይ ነበር። ቀኝ እጇ ከአውራ ጣቷ ጀምሮ እየደነዘዘ ነው። ጠዋት ስትነቃ ጨርሶ የራሷ አይመስላትም፤ በግራ እጇ አንሥታ ነው ከብርድ ልብሱ የምታወጣው። የክሊኒኩ ሐኪም ከስፌት መኪናው ካልተነሣች እንደማይድን ነግሯታል። መነሣት ደግሞ ለአፍ ነው ቀላሉ። ዛሬ ብትወጣ ጡረታ የለም፤ ጡረታው እስኪደርስ ብትቆይ እጅ የለም። የስፌት ሴቶች የሚፈልጉት አንድ ሕግ ነበር፦ ስፌት እንደ ማዕድን ቁፋሮ ከከባድ ሥራ ተቆጥሮ ቀደም ብለው ጡረታ እንዲወጡ። ዋና ከተማው ሶፊያ ያሉት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቁጭ ብሎ መስፋት ምኑ ይከብዳል ይላሉ። እነሱም ቁጭ ብለው ነዋ የሚውሉት፤ መቀመጥ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል።

ኔዴልያ ፋብሪካ የገባችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። አፏ የማያርፍ፣ ሳቋ ከመኪናው ጩኸት በላይ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ወንበሯ ከዶብሪንካ ወንበር ጎን ነው። ምላስ እንጂ ጣት አልታደለችም፤ ኮሌታ ስትሰፋ ጫፉ ይጠማዘዝባታል፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትሰፋለች፣ እንደገና ይጠማዘዛል።

በዚያ ፋብሪካ ሥራው በጨርቅ እስር ነው። የተቆረጠው ጨርቅ ታስሮ ይመጣል፣ በእስሩ ላይ የሰፊዋ ቁጥር ይንጠለጠላል፣ ማታ የፈረቃው ኃላፊ የሚቆጥረው ያንን ነው። የቀን ኮታዋን ደጋግማ ያጎደለች ሴት ትሰናበታለች። ስለዚህ ሴቶቹ ማሟያ የሚሉት ነገር አላቸው። አንዷ ስትታመም፣ ወይም ሆዷ ሲገፋ፣ ወይም ሌሊቱን የሚያለቅስ ልጅ ይዛ ስታድር፣ ጎኗ ያለችው ሴት የራሷን ሥራ ቀድማ ትጨርስና ትርፉን ቀስ አድርጋ በሷ እስር ውስጥ ትከትላታለች። ማንም አያወራበትም፤ ምስጋናም የለውም፣ ነገ ተራው ያንቺ ነውና። ፋብሪካው ግን ማጭበርበር ነው የሚለው። አንድ ዓመት ሁለት ሴቶች ሲቀባበሉ ተይዘው በዚያው ቀን ተባረዋል። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ቀና እንኳ ሳይሉ ነው የሚያቀባብሉት።

ኔዴልያ ያረገዘችው ባሏ ቲማቲም ልለቅም ብሎ ስፔን ሄዶ የስልክ ቁጥሩን በቀየረበት ዓመት ነው። ያኔ ደግሞ በርቀት ትምህርት ሕግ ማጥናት ጀምራ ነበር። ሌሊት ታጠናለች፣ ቀን መኪናዋ ላይ ተደፍታ እንቅልፍ ይወስዳታል። ዶብሪንካ ኃላፊው ከሩቅ ሲመጣ እንዳያያት የጨርቅ ክምር ከፊቷ እየቆለለች የሁለት ሴት ኮታ ሰፋች። ልጅቷ እስክትወለድ ሰፋች፣ ተወልዳም ጡት እስክትተው ሰፋች። እጇ መደንዘዝ የጀመረው ያን ዓመት ነው ብላ አታውቅም፤ ሜቶዲ ግን ይምላል። ሕፃኗን ክርስትና ያነሣቻት ዶብሪንካ ናት። አበልጅ የሆኑት በዚህ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከእህት አይተናነሱም ነበር።

ኔዴልያ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ከሠራተኛ ማኅበሩም ገብታ ስሟ ሲነሣ፣ ከሶፊያ የፓርቲ ሰዎች መጡ። እውነተኛ ሰው እንፈልጋለን አሉ፤ ራሳቸው ምን እንደሆኑ አልተናገሩም። ኔዴልያ ተመረጠች። ዶክተር ፓስካሌቭም በሌላው ፓርቲ ዝርዝር አልፎ ምክር ቤት ገባ። ውጤቱ የታወቀ ዕለት ሴቶቹ ኔዴልያን ተሸክመው በአደባባዩ አዞሯት፤ ዶብሪንካ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች፣ አለቀሰችም።

መጀመሪያ ላይ ኔዴልያ በየቅዳሜው ትመጣ ነበር። ከዚያ በየወሩ ሆነ፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ። የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ ሆነች ተባለ። ሴቶቹ ኮሩ። አሁንማ ሕጉ በእጃችን ገባ ተባባሉ።

ሕጉ ለውይይት የቀረበ ቀን በምሳ ሰዓት ሁሉም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር ተሰበሰቡ። ዶብሪንካ ለደስታው ብላ አይብ የገባበት ባኒፃ ጋግራ፣ በፎጣ ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። መጀመሪያ ግራ ያጋባቸው ሕጉን ያቀረበችው ኔዴልያ አለመሆኗ ነው። ያቀረበው ፓስካሌቭ ነው።

«ስለ ስፌት አላውቅም» አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ እንደ ልማዱ ጆሮው ቀልቶ። «አፋቸውን ግን አውቃለሁ። ክር እየነከሱ የኖሩ ጥርሶች ጫፋቸው ተሸርሽሮ እንደ መጋዝ ይሆናል። አንዲት ሴት አፏን ስትከፍትልኝ ስንት ዘመን እንደ ሰፋች ሳልጠይቃት መናገር እችላለሁ። ጥርሱ እንዲህ ከሆነ ጣቱና ወገቡ እንዴት እንደሆነ እናንተ ገምቱ።»

ምክር ቤቱ ሳቀ። «ዶክተር፣ ጡረታን በጥርስ ልናሰላ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ግን የሳቀ የለም። አንዳንዷ ምላሷን በፊት ጥርሷ ላይ እያንቀሳቀሰች ነበር።

ከዚያ ኔዴልያ ወደ መድረኩ ወጣች። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ አንዷ «ዝም በሉ፣ ልስማት!» ብላ ጮኸች።

«የሥራ ባልደረባዬ ስለ ጥርስ ነገሩን» አለች ኔዴልያ። «እኔ ከወንበሩ ነው የመጣሁት። ነፍሰ ጡር ሆኜ ሰፍቻለሁ። ሌሊት እያጠናሁ ቀን ሰፍቻለሁ። አንድም ቀን፣ አንድም ቀን ኮታዬን አላጎደልኩም። የስፌት ሴት ጠንካራ ናት፤ ሠርታ ትኖራለች እንጂ ምጽዋት አትለምንም። ይህ ሕግ ያከበራት መስሎ ይሰድባታል።»

የምክር ቤቱ ሰው ግማሹ ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ የሚለው አንድ ነበር፦ ሰፊዋ ራሷ አይከብድም ካለች እኛ ማን ሆነን እንከራከራለን? ሕጉ ወደቀ።

ዶብሪንካ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ያ ሁሉ ኮሌታ፣ ያ ሁሉ እጅጌ፣ በገዛ ጣቷ የሰፋችው፣ በሷው ላይ ምስክር ሆኖ ቆመባት። በዚህ ዕድሜዋ ሰው ከድቷት አያውቅም ማለት አይደለም፤ እንዲህ በራሷ ላብ ግን ተመትታ አታውቅም። በቅርብ የተቀጠረች ሴቭዳ የምትባል ልጅ፣ ነገሩ ያልገባት፣ «እውነት ኮታዋን አላጎደለችም?» ብላ ጠየቀች። ትልልቆቹ በዓይን ቆጣ አሏት። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ኢንጅነር ቶንቼቭ በሩ ላይ ቆሞ ነበራ።

«ሰማችሁ?» አለ ቶንቼቭ ፈገግ ብሎ። «ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። የናንተው ልጅ ናት።»

በሚቀጥለው ሰኞ ኮታው ጨመረ። የውይይቱ ዕለት ባኒፃውን ማንም አልነካውም ነበር፤ ዶብሪንካ መልሳ ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ስልክ ደወለች። ኔዴልያ ስብሰባ ላይ ናት፤ ኔዴልያ ጉዞ ላይ ናት፤ ኔዴልያ መልሳ ትደውላለች። ሳትደውል ሁለት ክረምት አለፈ።

የመጣችው የቀጣዩ ምርጫ ሰሞን ነው፣ መስከረም ላይ፣ ከተማው በሙሉ ለብርዱ ወራት የሚሆን ቀይ በርበሬ በየጓሮው ሲጠብስ። ያለ ሾፌር፣ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጋ መጣች። ዶብሪንካ በጓሮዋ የጋለ ብረት ላይ በርበሬ እያገላበጠች ነበር። ኔዴልያ ሳትጋበዝ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና የተጠበሰውን እንደ ድሮው መላጥ ጀመረች።

«ዶብራ! እጅሽ! ብረቱን ነክተሽዋል እኮ!»

ዶብሪንካ እጇን ቀስ ብላ አነሣች። ቆዳው ቀልቷል። «አሁን አየሁት» አለች። «አይሰማኝም።»

«ሐኪም አላየሽም?»

«አይቶኛል። መድኃኒቱ አንቺ ጋ ነው ያለው። አንቺ ደግሞ ምጽዋት ነው አልሽ።»

ኔዴልያ አንገቷን ደፍታ ትንሽ ላጠች። «ስሚኝ አበልጄ። መጀመሪያ ስለናንተ አልተናገርኩም? ተናግሬአለሁ። ስነሣ እነሱ ቡና ሊጠጡ ይወጣሉ። ያቺ ሰፊ ደግሞ ስለ ስፌቷ ልታወራ ነው ይባባላሉ፣ እየሰማሁ። ያን ቀን ግን ሁሉም ቁጭ ብሎ አዳመጠኝ። እዚያ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሆንኩ። የሚሰሙኝ እናንተን ስቃወም ብቻ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?»

«ዝም ማለት አትችይም ነበር?»

«ፓርቲው ነው ያዘዘኝ። አሁን ኮሚቴውን እንድመራ ሊያደርጉኝ ነው። ያኔ ለናንተ...»

«ተዪው! ጠበቃ ቢቃወመን ምን ያውቃል ይባል ነበር። አንቺን ግን ማን ይቃወምሻል? ሰፍቻለሁ አልሽ። ኮታዬን አላጎደልኩም አልሽ። ማነው የሞላው? ንገሪኛ፣ ማነው የሞላው?»

ኔዴልያ በርበሬውን አስቀመጠች። «አንቺ ነሽ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን እሱን ፓርላማ ላይ እንዴት እላለሁ?»

«ቅዳሜ በባህል አዳራሹ ስብሰባ አለሽ አይደል? እዚያ ተናገሪ። ብቻዬን አልሰፋሁም በይ። ካላልሽ እኔ ተነሥቼ እላለሁ። ከጀርባሽ የማደርገው ነገር የለም፤ ይኸው በፊትሽ ነገርኩሽ።»

ኔዴልያ እጇን በፎጣ ጠርጋ፣ ጉንጯን ስማት ሄደች። ዶብሪንካ ልቧ ትንሽ ቀለል አላት። አስጠንቅቆ መናገር የሰው ወግ ነው ብላ ታምን ነበር፤ የጎዳትም ይኸው ቅንነቷ ነው።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፋብሪካው የከሰዓቱን ፈረቃ ዘግቶ ሴቶቹን በአውቶቡስ ነበር ያመጣቸው። ዶብሪንካ ከሜቶዲ ጋር መሐል ላይ ተቀመጠች። የምትለውን ሌሊቱን ሙሉ በልቧ ስትደጋግመው ስላደረች አፏ ላይ ነው። ከፊት ረድፍ ግን ያልጠበቀችውን ሰው አየች። ኢንጅነር ቶንቼቭ፣ ከጎኑ ደግሞ የፈረቃው ኃላፊ። ሁለቱም የምርጫ ስብሰባ በሚባል ደጅ ደርሰው አያውቁም። ሁለት ረድፍ ወረድ ብላ ሴቭዳ ተቀምጣለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ባሏ ጀርመን አገር ግንበኛ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ኮታዋን የምትሞላላት ዶብሪንካ ናት፣ በዚያው በማይሰማት እጇ።

ኔዴልያ ብዙ ተናገረች። ስለ መንገድ ተናገረች፣ ስለ ሕፃናት ማቆያ ተናገረች። ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላለችም። ዶብሪንካ ተነሣች።

አፏን ሳትከፍት ኔዴልያ ቀደመቻት። «ይኸው አበልጄ! ይኸው ምስክሬ! ከጎኗ ተቀምጬ ነው የሰፋሁት። ሰሞኑን ኔዴልያ በደንብ ሰፍታ አታውቅም የሚሉ አሉ። ኢንጅነር፣ እርስዎም ይስሙልኝ። ማይክሮፎኑን ስጧት። በይ ዶብራ፣ እውነቱን ንገሪያቸው። ኮታዬን አጉድዬ አውቃለሁ?»

ቶንቼቭ ወንበሩ ላይ ዞረ። የኃላፊው ዓይንም ዶብሪንካ ላይ ተተከለ። እሷ ልትናገር ትንፋሿን ሳበች፤ ያኔ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታያት። ሞላሁላት ካለች፣ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል። እንዴት እንደሆነ ከታወቀ፣ ዛሬስ ማን ለማን ይሞላል ይባላል። ሰኞ ጠዋት ቶንቼቭ እያንዳንዱን እስር ያስፈትሻል፤ መጀመሪያ የምትባረረው ሴቭዳ ናት። ልጅቷም ገብቷታል፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። ዶብሪንካ ወደ መድረኩ ቀና ስትል ኔዴልያ እሷን አልነበረም የምታየው። መጀመሪያ ቶንቼቭን፣ ቀጥሎ የሴቭዳን ሆድ አየች፤ ከዚያ ነው ወደ ዶብሪንካ የተመለሰችው። የዚያ ወንበር ሴት ስለሆነች ነዋ የምታውቀው። ሌላ ማንም የምክር ቤት አባል እንዲህ አድርጎ አፏን ሊዘጋት አይችልም ነበር።

«አላጎደለችም» አለች ዶብሪንካ።

«አንድም ቀን?» አለች ኔዴልያ፣ ለአዳራሹ እየሳቀች።

«አንድም ቀን።»

ጭብጨባው አዳራሹን ነቀነቀው። ቶንቼቭ ከሁሉም ይበልጥ አጨበጨበ። የስፌት ሴቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሜቶዲ ብድግ ብሎ ዶብሪንካን በክንዷ ይዞ ወጣ፤ እሷም እንደ ሕፃን ተከተለችው።

በር ላይ የኔዴልያ ጫማ ከኋላቸው ሲሮጥ ተሰማ።

«ዶብራ! አበልጄ! እግዜር ይስጥልኝ። እንደማታዋርጂኝ አውቅ ነበር።»

«ታውቂ ነበር» አለች ዶብሪንካ። «ቶንቼቭን የጠራሽው ለዚያ ነው።»

ኔዴልያ አልካደችም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባው የውሸት አልነበረም፣ ይኼ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። «ልታጠፊኝ ነበር እኮ። ሌላ ምን አማራጭ ሰጠሽኝ?»

«አንቺ ነፍሰ ጡር ሆነሽ መኪናሽ ላይ ተደፍተሽ ስትተኚ አንድ ጊዜ እንኳ ቀስቅሼሽ አላውቅም። ያቺን ልጅ እወዳት ነበር። ዛሬ የዋሸሁት ደግሞ በሷ ቦታ ለተቀመጠችው ነፍሰ ጡር ነው፣ ላንቺ እንዳይመስልሽ። ልጅሽ የኔ ልጅ ናት፣ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ ስትፈልግ ቤቴ ትምጣ። አንቺ ግን ደጄን እንዳትረግጪ።»

ኔዴልያ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ዶብሪንካ ወደ ኋላ ሸሸች። ሜቶዲ ኮቱን አውልቆ ደረበላት፤ ሄዱ።

ኔዴልያ በወረዳው ከማንም የበለጠ ድምፅ አግኝታ ተመረጠች። በማግስቱ ጋዜጣው ፎቶዋን በመጀመሪያው ገጽ አወጣው፤ ከሥሩ «የስፌት ሴቶች ድምፅ» የሚል ጽፎበታል። ዶብሪንካ ያን ቀን ሥራ ገብታ፣ ከራሷ ኮታ በላይ የሴቭዳን ስትሞላ ነበር።